ኦገስታ ፔንደርና የመዝጊያዋ ቃል

ኦገስታ ፔንደር የሞተችው በልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። የአዳሪ ቤቱ ባለቤት ምድር ቤት ወርዳ አንሶላ ትቀቅላለች፤ እኛ የቴአትሩ ሰዎች ልምምድ ላይ ነን፤ እሷ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሯ እንደተቀመጠች፣ ድምፅ ሳታሰማ አለፈች። ማንም አላያትም።

ከተማው ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። በማግስቱ ለሾርባ የሚሆን አጥንት ልገዛ ብቅ ስል ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ አፍጦ ጠበቀኝ።

«እውነት ነው? ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ስትሞት ስናያት ኖረን፣ ዋናውን ሳታሳየን?»

«ቲኬት ቆርጠህ ነበር እንዴ?» አልኩትና አጥንቴን ይዤ ወጣሁ።

ሰውየው ክፉ አይደለም። በሉዊቪል ከተማ ከወደብ ጫኙ እስከ ዳኛው ሚስት ድረስ ኦገስታን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቃት በአንድ ነገር ነው፤ በአሟሟቷ። ለምን ያን ያህል ትሞት እንደነበረ ግን የሚያውቅ የለም። እኛ እናውቃለን፣ ለውጭ ሰው ግን አንናገርም ነበር። አሁን ምስጢሩን የሚጠብቁት ሰዎች እያለቁ ነው፤ እኔም ደክሞኛልና ልናገር።

ሄስተር እባላለሁ። ከመድረኩ ጎን፣ ተመልካች በማያየኝ ጥግ፣ የተውኔቱን ጽሑፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት በሹክሹክታ አቀብለዋለሁ። ባሌ ይህንኑ ሥራ ሲሠራ ሞተ፤ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ እኔ ተቀመጥኩበት። ስንቱን ከውርደት አድኛለሁ መሰላችሁ! «ምነው ጮክ አልሽ፣ ሰው ሰማሽ እኮ» ብሎ የሚቆጣኝ እንጂ እግዜር ይስጥልኝ የሚለኝ አላጋጠመኝም።

በኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ። የአዲስ ተውኔት የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር፣ እኛ መዝጊያ የምንላት፣ በልምምድ ላይ አትነገርም። የምትነገረው በመክፈቻው ምሽት፣ ተመልካች ፊት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተናገራት ሰው በቤቱ ላይ መዓት ይጠራል። ስለዚህ በልምምድ እዚያ ቦታ ስንደርስ ባለተራው «እና ያ ነገር» ይልና ኮፍያውን መፈለግ ይጀምራል። የተማረው፣ ያልተማረው፣ ሰካራሙ፣ ጸሎተኛው፣ ሁሉም ይህን ሕግ ይጠብቃል። ሳቁብን ግድ የለም። እኛም መጠጥ ቤት ስንቀመጥ እንስቅበታለን፤ መድረኩ ላይ ስንሆን ግን አንድም ሰው አይስቅም።

ለኦገስታ ይህን ሕግ የነገራት አልነበረም። ከወንዙ ማዶ፣ ከኢንዲያና ወገን የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። በቡድኑ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳምንት ነው፤ የተሰጣት የገረድ ሚና ነው፤ ትሪ ይዛ መቆም። እሷ ግን ከጉጉቷ የተነሣ የሁሉንም ሰው ቃል በልቧ አጥንታ ነበር። ልምምዱ ወደ ማለቂያው ደረሰና ዋናው ተዋናይ እጁን ዘርግቶ «እና ያ ነገር» አለ። ልጅቷ አዘነችለት። ይህ ትልቅ ሰው ቃሉ ጠፍቶበት እየተሳቀቀ ነው ብላ አሰበች። ከነትሪዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥታ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ፈገግ ብላ፣ መዝጊያዋን እንዳለች አቀበለችው።

የዛሬው የቴአትር ቤቱ ባለቤት አባት፣ ትልቁ አቶ ስታብስ፣ ሬሳ እንደሚያልፍበት ሰው ኮፍያቸውን አወለቁ። ኦቢ ፍላግ፣ ቀልደኛውን ሰው የሚጫወተው፣ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር፤ «አለቀልን! ይቺ ጨረሰችን!» ብሎ ጮኸ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈባት፤ ጨራሿ። ልጅቷ ውለታ የዋለች መስሏት ገና ፈገግ እንዳለች ነበር፤ ባሌ ነው ያንን ፈገግታዋን ሲነግረኝ የኖረው።

ያ ተውኔት ሳይከፈት የኦሃዮ ወንዝ ሞላ። ውኃው ቴአትር ቤቱ ድረስ ገብቶ አግዳሚ ወንበሮቹን በፊት ለፊት በር ይዟቸው ወጣ። ኦሃዮ በየጥቂት ዓመቱ የሚሞላ ወንዝ መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑም የትምባሆ መጋዘኑም አብረውን እንደሰጠሙ፣ እዚያ ደግሞ መዝጊያ የተናገረ ሰው እንዳልነበረ ማን ያስብ! ጥፋተኛ ሲገኝ ሰው እንዴት እንደሚቀልለው አይታችኋል።

ትልቁ ስታብስ እንዳያባርሯት ድምፅዋ አሳሳቸው፤ እንዳያስቀሯት ፈሩ። አሰቡና መላ አገኙ። ኦገስታ ከመጨረሻው ክፍል በፊት የሚሞት ሰው ብቻ እንድትጫወት ወሰኑ። የሞተ ሰው መዝጊያ አጠገብ ምን ይሠራል? ሌላም ጨመሩበት፤ «በኔ ቤት ሙት እጅ አይነሣም» አሉ። መጋረጃው ከወረደ በኋላ ሌላው ወጥቶ ለጭብጨባው ሲጎነበስ እሷ እንዳትወጣ ማለታቸው ነው። በመጨረሻው ክፍል ጊዜ መድረኩ አጠገብ መቆምም ተከለከለች።

እንግዲህ ሞተች። በመርዝ ሞተች፣ በሳል ሞተች፣ ከድልድይ ዘልላ ሞተች፣ በበረዶ ላይ ሕፃን ታቅፋ ሞተች፣ ባሏ በስሕተት ተኩሶባት ሞተች። መጀመሪያ ላይ እንደማንም ትወድቅ ነበር። እየቆየች ግን ሥራውን ያዘችው። ሌሎቹ ሴቶች ሲሞቱ ይጮኻሉ፤ እሷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና አዳራሹ በሙሉ ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል። ከዚያ ግራ ጉልበቷ ይታጠፋል፤ ጓንቷ ከእጇ ሾልኮ ይወርዳል፤ ጓንቱ መሬት ሲነካ እሷ የለችም። ሰገነቱ ላይ የሚቀመጡት ጫኞች፣ በርሜል በትከሻቸው የሚሸከሙ ሰዎች፣ ስቅስቅ ብለው ያለቅሱ ነበር።

«ዛሬ ፔንደር ትሞታለች?» ቲኬት ቤቱ ላይ የሚጠየቀው ይኸው ነው። አትሞትም ከተባለ ፊቱን አዙሮ የሚመለስ አለ። ከማዶ በጀልባ ተሻግሮ የሚመጣ አለ። አንድ ሰባኪ «በሳምንት አራቴ ሞታ አራቴ የምትነሣ ሴት በትንሣኤ ላይ ታሾፋለች» ብሎ ሰበከባትና በዚያ ሳምንት መቀመጫ ጠፋ። ሰባኪው ራሱ ከኋላ ተቀምጦ በመሐረብ ሲናፈጥ አየሁት ብሎ ፍላግ ይምላል። የፍላግን መሐላ ግን እኔ አልገዛውም።

እሷ ከሞተች በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋዋን በበቆሎ ዳቦ ትበላለች፤ በግድግዳው በኩል ጭብጨባውን ትሰማለች። ዕድሜዋን ሙሉ መድረክ ላይ ኖራ የተውኔት መጨረሻ አይታ አታውቅም። ማን ማንን እንዳገባ የምነግራት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ካልሲዋን እየጠገነች፣ «ሄስተር» አለችኝ፣ «መዝጊያዋ ተነግራ መጋረጃው ሲወርድ ምን ይመስላል?»

«አቧራ። አፍንጫ ውስጥ ይገባል።»

ሳቀች። መርፌዋን አቆመችና ግን፣ «አንዴ ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። «የመጨረሻዋን ቃል እኔ ልበል፣ ሰው ይስማኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ወንዙስ?»

«ወንዙ ምን ቤት ነው!» አለች። ይህን ስትል ግን በመስኮቱ ወደ ወንዙ አየት አደረገች። ዕድሜ ልክሽን ጨራሽ ሲሉሽ ከኖርሽ፣ ሳታምኚውም ታምኚዋለሽ።

ከዚያ ጉልበቷ እምቢ አለ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በሳንቃ ላይ ሲወድቅ የኖረ ጉልበት ምን ይሁን? አንድ የበልግ ምሽት በበረዶው ላይ መሞት ሲገባት አልወደቀችም፤ አንድ እጇን ተደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ አልጋ ላይ እንደሚወጣ ሰው ተጋደመች። ከሰገነቱ አንዱ፣ «እትዬ ፔንደር፣ ትራስ ይምጣልሽ?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሞተ ሰው ዓይኑን አይገልጥምና እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥጥ የተበተነበት ሳንቃ ላይ ተጋድማ፣ ሳቁን እስኪያልቅ ሰማችው። እኔ ከጥጌ ፊቷን አያለሁ። ያንን ምሽት አልወደውም።

በማግስቱ ልጅየው አቶ ስታብስ አስጠራት። ሉተር ስታብስ ለስላሳ ሰው ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ቴአትር ቤቱንና ፍርሃቱን ነው። እኔና ፍላግም እዚያው ነበርን።

«ወይዘሮ ፔንደር» አላት እጁን እያሻሸ፣ «ትልቅ የስንብት ምሽት እናዘጋጅልዎታለን። የሚወዱትን ሞት ይምረጡ። ድልድዩ በጉልበትዎ አይሆንም መቼም፤ መርዙ ቢሆንስ? መርዙን ተቀምጠውም ይችሉታል።»

«መዝጊያ እፈልጋለሁ» አለችው።

የስታብስ ፊት አመድ መሰለ። ፍላግ ከበሩ ላይ፣ «ጨራሿ፣ ጀልባ የምንከራይበት ጊዜ እንኳ አትሰጪንም?» አለ።

«አንተ ዝም በል ኦቢ። ሉተር፣» አለች፤ በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ «አባትህ ይህን ፍርድ ሲፈርዱብኝ አንተ ገና አልጋ ላይ ትነፋረቅ ነበር። ለሳቸው ስል ሞቻለሁ፤ ለአንተም ስል ሞቻለሁ። ከእንግዲህ ጉልበቴ አይሞትልኝም። ወይ መዝጊያ ስጠኝ፣ ወይ ያለ ስንብት ኮቴን ለብሼ ልውጣ።»

ስታብስ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ወንዙን አየ፤ የዚህ አገር ሰው ሲጨንቀው የሚያየው ወንዙን ነው። በመጨረሻ፣ «በልምምድ አንዲት ፊደል እንዳትወጣ!» አለ።

«ከአፌ አትሰማትም።»

ከወንዙ ማዶ፣ በኒው ኦልባኒ የሚኖር አንድ አስተማሪ የጻፈው አዲስ ተውኔት ተገኘ። ልጆቿ የተበተኑባት አሮጊት ናት፤ በክረምት አንድ በአንድ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ማንም አይሞትም፤ መጨረሻ ላይ ትንሹ ልጅ ሲገባ እናቲቱ ወንበሯ ላይ ሆና፣ «መዝጊያውን ዝጉት፤ ሁላችንም ገብተናል» ትላለች። ይህችው ናት ቃሏ። አሁን ብጽፋት ችግር የለውም፤ ተውኔቱ ከታየ ቆይቷል።

ልምምዱን ባያችሁ! መጨረሻው ሲደርስ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ የኦገስታን አፍ ያያል። እሷ ከንፈሯን ገጥማ ትቆይና «እና ያ ነገር» ትላለች፤ ሁላችንም እንተነፍሳለን። ማታ ስትተኛ አገጯን በሻሽ ማሰር ጀመረች። «ተኝቼ ብቀባጥርስ?» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «ወንዙ የት ደረሰ?» ነው። «እቦታው ነው፤ አንቺም እቦታሽ ሁኚ» እላታለሁ። በየቀኑ ያንኑ መልስ ስሰጥ ሰለቸኝ፣ ግን ሰጠሁ።

የስንብቱ ምሽት ደረሰ። ወንዙ አልሞላም፤ አዳራሹ ሞላ። ከማዶ ጀልባዎቹ ተጨናንቀው መጡ። ችግሩ ከመጀመሪያው ነበር፣ እኛ ግን አላየነውም። ማስታወቂያው ላይ «የኦገስታ ፔንደር የመጨረሻ ምሽት» ይላል፤ ሰው ደግሞ ይህን ሲያነብ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። በሁለተኛው ክፍል ላይ ኦገስታን ሳል ያዛት፤ እውነተኛ ጉንፋን ነበር። ከሰገነቱ እስከ ታች «እሰይ፣ መጣ» የሚል ሹክሹክታ ወረደ። መሐረብ ከየኪሱ ሲወጣ ከጥጌ ይታየኝ ነበር።

መጨረሻው መጣ። ትንሹ ልጅ ገባ። ኦገስታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ትንፋሽ ወሰደች። ስትናፍቀው የኖረችው ነገር ስለሆነ አልቸኮለችም፤ ዝም አለች፤ አዳራሹ አንገቱን አሰገገ። ያኔ ሰገነቱ ላይ አንድ ሰው በለቅሶ፣ «ሞተች!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ ተናወጠ። ይጮኻሉ፣ ይረግጣሉ፣ ኮፍያ ይወረውራሉ፣ ያለቅሳሉ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማንም አልሰማም። እጇን አንሥታ ደግማ ተናገረች፤ «እየተጣጣረች ነው!» ተባለና ጩኸቱ ባሰ። ገመዱን የያዘው ሰው ጊዜው የደረሰ መስሎት መጋረጃውን ለቀቀው።

ስታብስ እየሮጠ መጥቶ፣ «ይውጡ፣ እጅ ይንሡ!» ብሎ ከመጋረጃው ፊት ገፋት። ዛሬስ ሙትም እጅ ነሣ። ተነሥታ ሲያዩዋት ሊያብዱ ደረሱ። በማግስቱ ጋዜጣው፣ ሉዊቪል ይህን የመሰለ ሞት አይታ አታውቅም ብሎ ጻፈ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ጫማዋን አወለቀች። አላለቀሰችም። እኔ ግን አንጀቴ ተቃጥሎ ነበር፤ ወጥቼ ያንን ሰገነት ሙሉ ሰው አንድ በአንድ በጥፊ ባልኩት!

«ሰማሽኝ?» አለችኝ።

«ሰማሁሽ።»

«አንቺማ ጽሑፉ ጭንሽ ላይ ነው» አለችና የአሳማ ሥጋዋን መቁረጥ ያዘች።

ከዚያ በኋላ መድረክ አልረገጠችም። አዳሪ ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። እኛም እሑድ እሑድ፣ ቴአትር በሚዘጋበት ቀን፣ እየሄድን አብረናት ምሳ እንበላ ነበር፤ እኔ፣ ስታብስና ፍላግ። ምግቡ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የባቄላ ሾርባ በአሳማ አጥንት። ወሬውም አንድ ነው። ፍላግ ሁልጊዜ መጨረሻ ይመጣል፤ በሩንም ሁልጊዜ ክፍት ይተወዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲገባ ያጨበጨቡለት ሰው በር መዝጋት ከየት ይለምዳል! «ኦቢ፣ በር!» ትለዋለች ኦገስታ፤ «ጨራሿ፣ ማን ያየናል ብለሽ ነው?» ይላታል፤ አጉረምርሞ ተነሥቶ ይዘጋዋል። ይህም በየሳምንቱ ነው።

አንድ የክረምት እሑድ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ስታብስ ኮፍያውን ሳያወልቅ ነው የተቀመጠው። ሾርባው ቀርቦልን ማንኪያ እንዳነሣን ፍላግ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ፤ በሩን ክፍት ትቶ ወንበሩን ሳበ። እኔ «ኦቢ፣ በር!»ን ጠበቅኩ።

ኦገስታ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ትንፋሽ ወሰደችና ዝም አለች። ልማድ ክፉ ነው፤ ቃል የጠፋባት መስሎኝ ላቀብላት ወደ እሷ ዘንበል አልኩ፤ ጣቷን አንሥታ ከለከለችኝ።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መዝጊያውን ዝጉት» አለች፤ «ሁላችንም ገብተናል።»

ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ነበር። ፍላግ ተነሣ፤ ሄዶ በሩን በሁለት እጁ፣ ሳያጋጭ፣ ዘጋው፤ ተመልሶም አልተቀመጠም። ስታብስ ኮፍያውን አወለቀ። በኛ ሕግ ከመዝጊያ በኋላ የሚናገር የለምና ማንም ቃል አልተነፈሰም። ሾርባው ላይ የነበረው እንፋሎት ጠፋ።

«ሰማችሁኝ?» አለች።

«ሰማንሽ፣ ኦገስታ» አላት ፍላግ። በስሟ ሲጠራት ገና ያን ቀን ሰማሁ።

«እንግዲያው ተቀመጥና ብላ፣ ቀዘቀዘ» አለችው።

እሷ በጸደዩ መግቢያ፣ በልብስ ማጠቢያው ቀን አረፈች። ፍላግ እስከ ሰኔ ድረስ ጠዋት ጠዋት ወደብ እየወረደ ውኃውን ያይ ነበር። ወንዙ ያን ዓመት አልሞላም።